ባቡር ነጂው መንገድ ላይ ነው

አጎቴ ፊልም እያሳየ ዝም ማለት አይችልም ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ የሚያበዛ ሰው አልወድም፤ ግን የእሱን ወሬ እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና ምን አደርጋለሁ። ቪዲዮ ቤቱ ከመኝታ ክፍላችን በግድግዳ ብቻ የተለየ ረጅም ክፍል ነው፤ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ ወለሉ ጣውላ፣ አግዳሚዎቹ ከተዘጋ ትምህርት ቤት የተገዙ። ፊልሞቹ በሙሉ የሰው አገር ናቸው፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ የለም። አጎቴም አያውቅም። ሪሞቱን ይዞ ከማጫወቻው አጠገብ ይቆምና ጀግናው አፉን በከፈተ ቁጥር እሱ ይናገርለታል። ነገሩ ጠለቅ ሲል ደግሞ ምስሉን ያቆመዋል። ሰውየው አንድ እግሩን አንሥቶ አየር ላይ ይቀራል፣ አጎቴ የሰውየውን አያት ሳይቀር ታሪክ ይተርካል። በዚህ ዓይነት አንድ ፊልም ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያልቃል። ሰፈሩ ‹‹ራዲዮ›› ነበር የሚለው፤ ማጥፊያ የሌለው ራዲዮ።

እነዚያን የከሰዓት በኋላ ጊዜያት ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ በክፉ አይደለም። ጥቁሩ ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል። በቀዳዳው የገባው ብርሃን አቧራውን እያሳየ እስከ ወለሉ ድረስ ይዘረጋል። ልጅ ሆኜ እዚያ ብርሃን ሥር ተጋድሜ የአጎቴን ድምፅ ስሰማ፣ ፊልሙ የቱ ጋ እንዳለቀ ሕልሜ የቱ ጋ እንደጀመረ አላውቀውም ነበር። አንዳንድ ቀን ፊልሙ ውስጥ ያለ ፈረስ በአግዳሚዎቹ መሃል አልፎ የሚሄድ ይመስለኛል። ለማንም አልተናገርኩም።

ከፊልሞቹ ሁሉ የሚወደደው የባቡር ነጂው ነው። አንድ ወጣት እናቱን ጣቢያ ላይ ተሰናብቶ ባቡሩን ይዞ ይሄዳል። እናቲቱ በየቀኑ እየመጣች ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ልጁን በመንገድ ብዙ ነገር ይገጥመዋል፤ በረዶ፣ ሽፍታ፣ አንዲት ልቡን የምታጠፋው ዘፋኝ። በመጨረሻ ጎርፍ የቦረቦረው ድልድይ ላይ ሲደርስ ሰው የተሳፈረባቸውን ፉርጎዎች ፈትቶ ያስቀራቸውና እሱ ከነሞተሩ ወደ ድልድዩ ይነጉዳል። ልክ እዚያ ላይ አጎቴ ምስሉን ያቆማል። መብራት ያበራል። ወንበር ስቦ ይቀመጥና የቀረውን በአፉ ይጨርሰዋል። ባቡር ነጂው ዘሎ ወንዝ ገባ፤ ወንዙ ወስዶ ሩቅ መንደር ጣለው፤ ታመመ፣ ስሙን ረሳ፣ የማያውቁት ሰዎች አስታመሙት፤ አንድ ቀን የባቡር ፉጨት ሲሰማ እናቱ ትዝ አለችውና ተነሣ። ‹‹መንገድ ላይ ነው›› ይላል አጎቴ፣ ሁልጊዜ በዚሁ ቃል። ሰው እፎይ ብሎ ይወጣል። እኔም ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል ብዬ ያደግሁ ነኝ።

ለዚህ ፊልም አንድ ቀን ቀርተው የማያውቁ ሰው ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ማዶ ካለው ሱቃቸው የጀመሩትን ዘምዘማ እንደያዙ ይመጡና በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከጎናቸው የክር ቅርጫታቸውን ያኖራሉ። ቤቱ ጢም ብሎ ሰው በቁሙ ቢያይ እንኳ ቅርጫቱን አያነሡም፤ ቦታው ተይዟል ይላሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው። ለሥራ ብሎ ባሕር ተሻገረ፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ፣ የገባበትም አልታወቀም። ቅርጫቱ የማንን ቦታ እንደሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቅርጫቱን አንሡልኝ ያለ ግን የለም።

ዘንድሮ አጎቴን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ጣለው። ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ ይጎተታል፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ አንደበቱ ጭራሽ ተዘግቷል። የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መመለስ ነው ያቃተው። ጻፍ ስንለው ፊደሎቹ ከዓይኑ ይሸሹበታል። ራዲዮ ሲባል የኖረ ሰው ዝም ሲል ቤቱ እንዴት እንደሚሰፋ ልነግራችሁ አልችልም።

ቪዲዮ ቤቱን እኔ ከፈትኩት። ሰው መጣ፣ ፊልሙን አየ፣ ተንጠራራ፣ ወጣ። ምስል ብቻውን ምን ያደርግለታል? አጎቴ ከማጫወቻው አጠገብ ተቀምጦ ባዶውን አግዳሚ ሲያይ አንጀቴን በላኝ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ብቅ እያሉ ባቡር ነጂው መቼ ነው ብለው ይጠይቃሉ። እስቲ እናያለን እላለሁ። መልሰው ይመጣሉ፣ መልሰው ይጠይቃሉ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእሳቸው ልጃቸው መንገድ ላይ የሚሆነው አጎቴ ሲናገር ነው፤ አጎቴ ዝም ካለ ልጁም የትም የለም።

እኔ ሥራዬ ዲስክ መሥራት ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የማሽን አጠቃቀም ትምህርት፣ ያመጡልኝን ሁሉ አሰናድቼ የግርጌ ጽሑፍ እጽፍበታለሁ። በሥራዬ ቀልድ አላውቅም። ምስሉ ላይ ያልተባለ ነገር ከሥሩ ጽፌ አላውቅም፤ ሙሽራው አጉረምርሞ ‹‹እሺ›› ካለ ‹‹እሺ›› ነው፣ ከዚያ በላይ አላሞቅለትም። አንድ ትልቅ ሰው ንግግሬን ትንሽ አሳምሪልኝ ቢሉኝ ዲስካቸውን ከነመያዣው መልሼላቸዋለሁ። እንግዲህ እኔ እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ የአጎቴን ወሬ በግርጌ ጽሑፍ ልሥራው ብዬ የተነሣሁት። የፊልሙን ቋንቋ ስለማላውቅ ያልተባለ ነው ማለት አልችልም ብዬ ራሴን ደለልኩ።

አጎቴን አስቀምጬ አስረዳሁት። ልብስ ሰፊዋም በሩ ጋ ሆነው እየሰፉ ይሰሙ ነበር። ዲስኩን ወደ ብርሃኑ ቀዳዳ አዘነበልኩትና ቀስተ ደመናው ጣሪያው ላይ ወጣ። ይኸውልህ አልኩት፣ ይህ አንድ ረጅም መንገድ ነው፤ ከመሃል ይጀምርና እየዞረ እየዞረ እስከ ጠርዙ ይሄዳል። መንገዱ ላይ በዓይን የማይታዩ ጎድጓዶች አሉ፤ የማጫወቻው የብርሃን ጨረር እነሱን እየዳበሰ ነው የሚያነበው። ምስሉ፣ ድምፁ፣ ጽሑፉ በትንንሽ እሽግ ተደርገው ተቀላቅለው ነው የሚጓዙት፤ ትንሽ ምስል፣ ትንሽ ድምፅ፣ ትንሽ ጽሑፍ፣ እኩል እንዲደርሱ። ዲስክ ደግሞ ፊደል አያውቅም። እያንዳንዱ አባባል በጠራ ላስቲክ ላይ እንደተሳለ ሥዕል ነው፤ መቼ ምስሉ ላይ እንደሚነጠፍ፣ መቼ እንደሚነሣ ሰዓቱ ተነግሮታል። ሥሩ ያለው ምስል አይነካም። ጽሑፉን ያልፈለገ ሰው ሪሞቱን ይጫናል፣ ላስቲኩ አይነጠፍም፣ በቃ። ከመንገዱ መግቢያ ላይ ደግሞ ማውጫ አለ፤ ከየትኛው ክፍል ቀጥሎ የትኛው እንደሚታይ የሚያዘው እሱ ነው። ማውጫው ያልጠራው ክፍል ዲስኩ ላይ ተኝቶም ቢሆን አይታይም።

አጎቴ እንደሚገሠጽ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ሥራ ጀመርን። እኔ በልቤ የማውቀውን ትረካውን እጽፋለሁ፣ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ ልክ ከሆነ በግራ አውራ ጣቱ ጭኑን መታ ያደርጋል፣ ካልሆነ ጣቱን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። ጠባችን በመስመር ብዛት ነበር። ከሥር የሚፈቀደው ሁለት መስመር ነው፤ የእሱ ወሬ በሁለት መስመር መቼ ያልቅና። ሳሳጥርበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቆሽቴ እያረረ እየለመንኩት ሳለሁ፣ ዲስኩን ራሱን ቁም ብዬ ማዘዝ እንደምችል ትዝ አለኝ። ምስሉ ባለበት ይቆማል፣ ወሬው ሁለት ሁለት መስመር እየሆነ ይቀያየራል፣ ሲያልቅ ፊልሙ ይቀጥላል። ይህን ስነግረው በግማሽ አፉ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ እያልን ድልድዩ ጋ ደረስን። ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል አይደል፣ የሚቆምበትን ቦታ በደንብ ልለየው ብዬ ወደፊት ገፋሁት። አላበቃም። ሞተሩ ወደ ወንዙ ወረደ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ጣቢያው መጣ፤ እናቲቱ አግዳሚው ላይ ናት። የጣቢያው ኃላፊ መጥቶ ምንም ሳይናገር የልጇን ቆብ ጭኗ ላይ አኖረላት። ቆቡ እርጥብ ነው። በእጇ እየዳበሰችው ሐዲዱን ታያለች፤ ካሜራው ቀስ እያለ ይርቃታል። እዚያ ላይ አለቀ።

ከዚያ ደሜ ፈላ። ልጅ ሆኜ ባቡር ነጂው እኛ ቤት ቢመጣ የት እናስተኛዋለን ብዬ የምጨነቅ ሰው ነበርኩ። ወደ አጎቴ ዞሬ ‹‹ይህን ሁሉ ዘመን ዋሸኸን?›› አልኩት።

አልተቆጣም። ግራ እጁን አንሥቶ በሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ አሳየኝ፤ ባዶ ነበር። ከዚያ አውራ ጣቱን ሪሞት እንደሚጫን ሰው ወደ ታች ጫነ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ፊልሙ መጀመሪያ የታየው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ድምፁ በጠፋበት ዓመት ነው። ሞተሩ ወደ ድልድዩ ሲሮጥ እሳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ አጎቴ አያቸውና አቆመው። የዚያን ዕለት አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። ከዚያ ወዲያ መመለስ አልቻለም።

ሆዴ ቢራራም አፌ አልራራም። ያላለቀ ፊልም አለቀ ብዬ አልጽፍም አልኩት፤ ቆርጬም አልጥልም፣ ሰው የደከመበትን ሥራ እግሩን ቆርጬ አላቀርብም። እሱ ጣቱን ያወዛውዛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ተፋጠጥን። በመጨረሻ የተስማማነው የመጨረሻው ክፍል ዲስኩ ላይ እንዳለ እንዲቀመጥ፣ ማውጫው ግን እንዳይጠራው ነው። ዲስኩ ድልድዩ ላይ ይቆማል፣ የአጎቴ ቃል ይወጣል፣ ያበቃል። አልዋሸሁም፣ አልቆረጥኩም፤ ለእኔ የሚመች መንገድ ነበር።

ዲስኩ እስኪጻፍ ብርሃኑ ሥር ቁጭ እንዳልኩ ሸለብ አደረገኝ። በዚያ በሚዞረው መንገድ ላይ ስሄድ አየሁ። ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ በር ብቻ። አንዱ በር ውስጥ የዘፋኟ ሳቅ አለ፣ አንዱ ውስጥ በረዶ ይጥላል፣ አንዱ ውስጥ ሁለት መስመር ጽሑፍ እጆቹን አጣጥፎ ተራውን ይጠብቃል። ከመግቢያው በኩል የሚጣራ ድምፅ ይሰማል፤ የተጠራው ይወጣል፣ ብርሃን ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። እኔ እየዞርኩ እየዞርኩ እስከ ጠርዙ ሄድኩ። ባቡር ነጂው የመጨረሻው በር ደፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ይጨምቃል። ጠሩኝ እንዴ አለኝ። አልጠሩህም አልኩት። ቅር አላለውም፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ምንም አላወራንም፣ ውሃው ከልብሱ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቀስተ ደመናው ከእግራችን ሥር ይዞራል፤ እንደዚያ ቀን ዕረፍት ተሰምቶኝ አያውቅም። ማሽኑ ዲስኩን ሲተፋው ነቃሁ።

ባሳየንበት ቀን ቤቱ ሞላ። ምስሉ ራሱ ሲቆም ሰው ተገረመ፤ ጽሑፉ ሲወጣ ያነበበ ላላነበበው ጮክ እያለ ይነግረው ጀመር። ቀስ በቀስ ሁሉም በአንድ ላይ ማንበብ ያዙ። የአጎቴ ወሬ ከስንት አፍ ወጣ። ‹‹መንገድ ላይ ነው›› ሲመጣ ቤቱ በሙሉ አነበበው፤ አጎቴ በግራ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ልብስ ሰፊዋ ሲወጡ ዲስኩን አውሺኝ፣ እየሰፋሁ ልየው አሉኝ። ሰጠኋቸው። ምን ከፋኝ ብዬ።

በማግሥቱ ከሱቃቸው ደጅ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ስገባ ስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ ቀሚስ ተዘርግቷል፣ ከጨርቅ መደርደሪያው በላይ ትንሿ ቴሌቪዥን በርታለች። ማያው ላይ ምስሉ ቆሞ እናቲቱ ቆቡን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀርታለች። ማጫወቻቸው የጥንት ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ አንዳንዱ ማውጫ የሚባል ነገር አይሰማም፣ መንገዱን ይዞ እስከ ጠርዙ ይነጉዳል። ይህን እኔ አጥቼው አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ምን ዓይነት ማጫወቻ አለዎት ብሎ ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም?

ተቀመጪ አሉኝ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ደጋግመው እንዳዩት ነገሩኝ። ዓይናቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ግን እንደወትሮው ነው። ድሮም ጠርጥረው ነበር። አጎቴ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚያቆመው ለምንድን ነው ይሉ ነበር ለራሳቸው፤ ግን አልጠየቁም፤ መጠየቅ አልፈለጉም። ይቅርታ ልል ስጀምር እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ማያው ሄዱና ከእናቲቱ እግር ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በጣታቸው ነኩት።

‹‹እዚህ ላይ ለምን ዝም አለ?›› አሉኝ። ‹‹ፊልሙን ሁሉ ሲያወራኝ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ብቻዬን ተወኝ። ምስሉን አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ። እሱ ምን እንደሚል ነው የቸገረኝ።››

ምስሉ አይለወጥም እትዬ አልኳቸው። ለውጪልኝ መቼ አልኩ አሉ፤ ምስሉ ሌላ ጽሑፉ ሌላ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል ያልሽው አንቺ አይደለሽም ወይ። ዲስኩን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። እንባዬን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

ለአጎቴ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ብዙ ሳይቆይ ግን በአገጩ ኮምፒዩተሩን አሳየኝ። እናቲቱን ከነቆቧ ከፍቼ ጻፍኩ። ያልተባለ አልጽፍም ባዩዋ እኔ ‹‹መንገድ ላይ ነው›› ብዬ ጽፌ አነበብኩለት። ጣቱን አወዛወዘ። ወንዙ ወስዶት ነው እንጂ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ፤ አወዛወዘ። በቃ እውነቱን ልበል ብዬ ‹‹አይመጣም›› ብዬ አነበብኩ። ዓይኑን ጨፈነና አሁንም አወዛወዘ። ትዕግሥቴ አለቀ፤ ታዲያ ምን ልበላቸው ብዬ ጮህኩበት።

ተነሣ። ግድግዳውን እየተደገፈ፣ እግሩን እየጎተተ በሩ አጠገብ እስካለው አግዳሚ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ የሚቀመጡበትን ቦታ አለፈና ከጎኑ፣ ቅርጫቱ የሚቀመጥበት ላይ ተቀመጠ። ወደ እኔ አልዞረም፤ ማያው ላይ ያለችውን እናት ዝም ብሎ ያያል። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁት። አልተመለሰም። የቀዳዳው ብርሃን ከወለሉ ተነሥቶ ጫማው ላይ ወጣ፤ እሱ እንደተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጻፍኩና ካለሁበት ሆኜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። በአውራ ጣቱ አግዳሚውን መታ አደረገ።

አሁን ማውጫው ያን ክፍል እንዲጠራው አደረግሁ። ልብስ ሰፊዋን በአዘቦት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ጠራኋቸው። ዘምዘማቸውን ይዘው መጡ፤ ቅርጫታቸውን ከጎናቸው አኖሩ። ሪሞቱን ሰጠኋቸውና ጽሑፉ የሚጠፋበትን ቁልፍ አሳየኋቸው፤ ካስጠላዎት ያጥፉት አልኩ። በረዶው መጣ፣ ሽፍታው መጣ፣ ዘፋኟ ሳቀች። ድልድዩ ላይ ምስሉ ቆመ፣ የአጎቴ የድሮ ወሬ አንድ ባንድ አለፈ፣ ‹‹መንገድ ላይ ነው›› አለ። ከዚያ ዲስኩ ራሱ ቀጠለ። ሞተሩ ወረደ። የጣቢያው ኃላፊ መጣ። ቆቡ ጭኗ ላይ ሲያርፍ ከሥር ጽሑፉ ወጣ።

‹‹እዚህ ነኝ፤ አብረን እንጠብቃለን።››

ልብስ ሰፊዋ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ሪሞቱን አነሡና ተጫኑ። ጽሑፉ ጠፋ፤ እናቲቱ ብቻዋን ቀረች። ቆይተው ደግመው ተጫኑ። ተመለሰ። ሪሞቱን አስቀመጡ፣ የክር ቅርጫታቸውን ከአግዳሚው ላይ አነሡና ወለሉ ላይ፣ እግራቸው አጠገብ አኖሩት።

አጎቴ ከማጫወቻው አጠገብ ተነሥቶ እግሩን እየጎተተ ሄደና ከጎናቸው ተቀመጠ። ፊልሙ አልቆ ማያው ሰማያዊ ሆኖ እንኳ አልተነሡም። እኔም አላጠፋሁትም።